መንገድ የሚያሳየው ምልክትና የኀያላን ፉክክር

በ2024 ዓ.ም. በአፕሪል ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴል አቪቭና በኢየሩሳሌም መንገድ ፈልጎ የእጅ ስልኩን የከፈተ ሰው፤ ያለበትን ሥፍራ የሚያመለክተው ነጥብ ከከተማው ወጥቶ በሊባኖስ አገር፤ በቤይሩት የአይሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆሞ ያገኘው ነበር። በሐይፋና በሰሜኑ ክፍልማ ነገሩ ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተለምዶ ነበር። ስልኩ አልተበላሸም፤ ካርታውም አልተሳሳተም። ከሰማይ የሚመጣውን ምልክት የሚመስል ሌላ ምልክት ከምድር ተልኮ፤ ስልኩ እውነተኛውን ትቶ ሐሰተኛውን ስለ ተቀበለ ነው። ምልክቱን ማወኩን የእስራኤል ሠራዊት ራሱ አልሸሸገም። ስለ ምን አደረገው ቢሉ፤ የሚላኩበት ድሮኖችና ሚሳይሎች መንገዳቸውን እንዲስቱ ነው። ከኢራን ከ300 የሚበልጡ ድሮኖችና ሚሳይሎች የተላኩትም በዚያው ወር በ13 ለ14 አጥቢያ ሌሊት ነው።

ስለ ወደ ፊቱ ጦርነት የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የሚያስብ መኪናን፣ በብርሃን ጨረር የሚያቃጥል መሣሪያን፣ ከድምፅ ብዙ እጥፍ የሚፈጥን ሚሳይልን ነው። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ወደ ፊትም ይበዛሉ። ነገር ግን ከእነርሱ የሚበዙት በአንድ ትንሽ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ይኸውም «አሁን ያለሁት የት ነው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለራሱ መመለስና ለጠላቱ ማጥፋት የሚችል ወገን፤ መሣሪያው ባይረቅም እንኳ ብዙ ይሠራል። መልሱን ያጣ ወገን ግን ውድ መሣሪያው በእጁ ዕውር ሆኖ ይቀራል።

ፉክክሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የጀርመን አይሮፕላኖች በእንግሊዝ ከተሞች ላይ በሌሊት ቦምብ ይጥሉ ነበር። በጨለማ ከተማውን የሚያገኙት በራዲዮ ጨረር እየተመሩ ነው። ነጂው በጆሮው ላይ ባደረገው መስሚያ ከጨረሩ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል አጫጭር ድምፅ፤ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ረዣዥም ድምፅ ይሰማል፤ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ የማይቋረጥ ድምፅ ሲሆኑ በቀናው መንገድ ላይ እንዳለ ያውቃል። ሁለተኛ ጨረር ደግሞ ከተማው ላይ ይህን ያቋርጠዋል፤ በዚያ ሲደርስ ቦምቡን ይጥላል። ምሥጢሩን የገለጠው አር. ቪ. ጆንስ የሚባል የ28 ዓመት ወጣት ሊቅ ነው፤ በጁን 21 ቀን 1940 ዓ.ም. በቸርችል ፊት ቀርቦ አስረዳ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ጨረሩን ለማጥፋት አልደከሙም፤ የጀርመኖቹን ድምፅ የሚመስል ድምፅ ራሳቸው እየላኩ ነጂውን ግራ አጋቡት።

ጀርመኖችም ዝም አላሉም፤ ሌላ የረቀቀ ጨረር አወጡ። በኖቬምበር 14 ቀን 1940 ዓ.ም. ኮቨንትሪ የምትባለውን ከተማ ያጋዩት በዚሁ በሁለተኛው ነው፤ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። በዚያች ሌሊት የእንግሊዞች ማወኪያ ሳይሠራ የቀረው ቃናው ስለ ተሳተ እንደ ነበር ጆንስ ጽፎአል፤ መላክ ከሚገባው ድምፅ ዝቅ ብሎ ተቃኝቶ ነበርና ተቀባዩ መሣሪያ ለይቶ አስቀረው። ዜማ የተማረ ሰው በቃና ልዩነት ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ ያውቃል፤ በዚህ ግን የተለወጠው የከተማ ዕጣ ነው።

ጨረሩ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ዓለምን ሁሉ የሚሸፍን ምልክት የተገኘው ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ከወጣች በኋላ ነው። በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓ.ም. ሶቭየቶች ስፑትኒክን በላኩ ጊዜ፤ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፍጥረት ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ጋየርና ዋይፈንባክ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ድምፅዋን ያዳምጡ ጀመር። ባቡር ሲቀርብ ፊሽካው እንደሚቀጥን፤ ሲርቅም እንደሚጎረንን፤ የጨረቃይቱም ምልክት ስትቀርብና ስትርቅ ይለዋወጥ ነበር። ከዚህ ተነሥተው በየት እንደምትዞር አሰሉ። አለቃቸው ማክሉር ነገሩን ገለበጠው፤ ከታወቀ ሥፍራ ሆኖ የጨረቃይቱን መንገድ ማግኘት ከተቻለ፤ የጨረቃይቱ መንገድ ከታወቀ ደግሞ አድማጩ ያለበትን ሥፍራ ማግኘት ይቻላል አለ። የአሜሪካ ባሕር ኀይል ይህን አሳብ ወዲያው ያዘው፤ ምክንያቱም የኒውክሊየር ሚሳይል የተሸከሙ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ ከየት እንደሚተኵሱ በትክክል ማወቅ ነበረባቸው። ትራንዚት የተባለው ይህ ሥርዐት በ1964 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መንገድ የሚያሳየው ምልክት ከመጀመሪያውም የጦር ልጅ ነው፤ ለአምቡላንስና ለነጋዴ የተሰጠው ኋላ ነው።

ዛሬ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው በ1973 ዓ.ም. የታቀደ፤ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ዓ.ም. የወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የተፈጸመ ነው። 24 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሳተላይቶች ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ይዞራሉ። አሠራሩ እንዴት ነው ቢሉ፤ ነገሩ ሁሉ የሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት «እኔ በዚህ ሥፍራ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» እያለ ያለማቋረጥ ይናገራል። ተቀባዩ መሣሪያ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ከለካ፤ የራዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ፤ ከሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። የሦስት ሳተላይቶች ርቀት ሥፍራውን ይወስናል፤ አራተኛው የተቀባዩን የራሱን ሰዓት ለማረም ያስፈልጋል።

የሰዓቱን ጥራት ለመረዳት ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ መልካም መለኪያ አለው። በዚያ ትምህርት ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ ኬክሮስ በ60 ካልኢት፤ ካልኢት በ60 ሣልሲት፤ እንዲህ እያለ በራብዒትና በኀምሲት አልፎ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ሳድሲት እጅግ ረቂቅ ናት፤ አንዱ ሰኮንድ በሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ ሁለቱን እጅ እንኳ አትሞላም። ብርሃን ግን በዚህች በአንዲት ሳድሲት ከ550 ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የሳተላይቱ ሰዓት በአንዲት ሳድሲት ቢስት፤ ርቀቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል ማለት ነው። ስሕተቱ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ የፈለገ ሳድሲትን ደግሞ ወደ 185 መክፈል አለበት። ይህን የሚችለው የአቶም ሰዓት ብቻ ነው። ያም ቢሆን በከፍታውና በፍጥነቱ ምክንያት፤ አይንስታይን አስቀድሞ እንዳስተማረው፤ በሰማይ ያለው ሰዓት በምድር ካለው በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ይቀድማል። ይህ ታስቦ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ11 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። የስልክ መሥመሮች፣ ባንኮች፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎችም ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ከዚሁ ምልክት ስለ ሆነ፤ ምልክቱን የሚያውክ ሰው መንገድን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም ይነካል።

እንዲህ የረቀቀው ነገር ግን እጅግ ደካማ ነው። የሳተላይቱ ማሠራጫ ኀይል ከቤት አምፖል ብዙም አይበልጥም፤ ያውም ከ20,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ምድር ሲደርስ አንዱ ዋት በሚሊዮን፤ ያም በሚሊዮን፤ ያም ደግሞ በ10,000 ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በምድር ላይ ያለ ጥቂት ዋት የሚያወጣ ማሠራጫ፤ በገበያ መካከል እንደሚጮኽ ሰው፤ የሩቁን ሹክሹክታ ይሸፍነዋል። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ አንድ የጭነት መኪና ነጂ አሠሪው የት የት እንደሚዞር እንዳያይበት ብሎ በርካሽ የገዛትን ማወኪያ መኪናው ውስጥ አድርጎ በኒውዋርክ አይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሲመላለስ፤ ማረፊያው ለአይሮፕላኖች ማሳረፊያ የሚሞክረውን መሣሪያ ሲያውክ ተገኘ፤ ወደ 32,000 ዶላርም መቀጫ ተወሰነበት። ይህ ሰው ጦርነት አላሰበም፤ ከአለቃው ዐይን መሸሸግ ብቻ ነበር የፈለገው።

የማወክ መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ማፈን ነው፤ በጩኸት ምልክቱን መሸፈን። የታፈነበት መሣሪያ «አላውቅም» ይላል፤ ቢያንስ አለማወቁን ያውቃል። ሁለተኛው ማሳት ነው፤ የሳተላይቱን ቃል አስመስሎ ሐሰተኛ ቃል መላክ። የሳተው መሣሪያ አለማወቁን አያውቅም፤ በሙሉ ልብ የተሳሳተውን ይናገራል፤ ስለዚህ ይህ ይከፋል። በ2013 ዓ.ም. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባለቤቱ ፈቃድ በአንድ የሽርሽር መርከብ ላይ በሜዲትራኒያን ባሕር ይህን ፈትነው ነበር። ሻንጣ የሚያክል መሣሪያቸው መርከቡን ከመንገዱ አወጣው፤ የመርከቡ ሰሌዳ ግን በቀናው መንገድ ላይ ነህ ይል ነበር።

የምልክቱ ባለቤቶች መጀመሪያ ለጠላት እንዳይጠቅም አስበው ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ዓ.ም. የኮሪያ መንገደኛ አይሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቭየት ሰማይ በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዐቱ ሲፈጸም ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቁ። ሆኖም ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር እንዲሳሳት ይደረግ ነበር። በ1991 ዓ.ም. በኢራቅ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች በምድረ በዳው ውስጥ መንገድ ፍለጋ ሲቸገሩ የጦር ተቀባይ መሣሪያ አልበቃቸውም፤ ከገበያ የተገዛ ሕዝባዊ መሣሪያ ታደላቸው። ያን ጊዜ ለጠላት የታሰበው ስሕተት የራሳቸውን ወታደር የሚያሳስት ሆነ፤ ስለዚህ ለጊዜው አነሡት። ጨርሶ የቀረው በሜይ 2000 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። ቀድሞ በግምት የሚጣለው ተራ ቦምብ ጭራና ተቀባይ መሣሪያ ተገጥሞለት በተወሰነለት ቤት ላይ የሚወድቅ ሆነ፤ ይህም በ1999 ዓ.ም. በዩጎዝላቪያ ጦርነት መጀመሪያ ታየ። ሌሎች ኀያላን ይህን አይተው በአሜሪካ ምልክት መታመን አልወደዱም፤ በአንድ ቃል ሊዘጋባቸው ይችላልና። ሩስያ ግሎናስ የተባለውን ሥርዐትዋን ተዳክሞ ከነበረበት በ2011 ዓ.ም. መልሳ ሞላችው፤ የአውሮፓ አንድነት ጋሊሌዮን በ2016 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ ቻይናም ቤይዱን በ2020 ዓ.ም. ፈጸመች። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ አገሮች በእነዚህ በአራቱ ባለቤቶች ምልክት የሚጠቀሙ ናቸው።

ፉክክሩ ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይልቅ የገለጠው ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው የዩክሬን ጦርነት ነው። ከምዕራብ አገሮች የተሰጡት በሳተላይት የሚመሩ የመድፍ ጥይቶችና ቦምቦች መጀመሪያ ዒላማቸውን በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ይመቱ ነበር። ሩስያውያን ማወኪያዎቻቸውን በየግንባሩ ካቆሙ በኋላ ግን ከእነዚሁ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዒላማቸውን ይስቱ ጀመር፤ ጥይት አንዱ በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የተሠራ ሆኖ ከተራ ጥይት ያልተሻለበት ጊዜ ነበር። ዩክሬናውያንም በበኩላቸው በሌሊት የሚመጡባቸውን ድሮኖች ያሳስቱ ጀመር። ሩስያውያን ለዚህ የሰጡት መልስ የሰማዩን ወገን ብቻ የሚሰማና የምድሩን ጩኸት የሚዘጋ አንቴና ነው፤ በወደቁት ድሮኖች ላይ መጀመሪያ 4 የነበረው የአንቴናው ክፍል ቍጥር በኋላ 8፤ ከዚያም 16 ሆኖ ተገኝቶአል። ለእያንዳንዱ ጥበብ መልስ የተገኘለት በዓመታት ሳይሆን በወራት ነው። መሣሪያን ዐሥር ዓመት አስቦ የሚሠራ አገር ይህን ሊያስጨንቀው ይገባል፤ መሣሪያው ከግምጃ ቤት ሳይወጣ መልሱ ሊሠራለት ይችላልና።

ወታደሮቹ ሲፈካከሩ ጩኸቱ ከግንባሩ አልፎ ይሄዳል። በሴፕቴምበር 2023 ዓ.ም. በባግዳድ አካባቢ የሚበሩ አይሮፕላኖች በሐሰተኛ ምልክት ብዙ ማይል ርቀው ያሉ መስሎአቸው ነበር፤ አንድ የግል አይሮፕላንም ያለ ፈቃድ ወደ ኢራን ሰማይ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ተመለሰ። ይህ የ1983ቱን ነገር ለሚያስታውስ ሰው ቀላል አይደለም። በአይሮፕላን ውስጥ መሬት መቅረቡን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለ፤ በሐሰተኛ ምልክት ምክንያት በ10,000 ሜትር ከፍታ ላይ «መሬት ነው፤ ተነሥ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። ነጂዎቹ ጩኸቱ ሐሰት መሆኑን እየለመዱ ሲሄዱ፤ አንድ ቀን እውነት ሲሆን ምን ያደርጋሉ? በዲሴምበር 25 ቀን 2024 ዓ.ም. ከባኩ ወደ ግሮዝኒ ይሄድ የነበረ የአዘርባይጃን መንገደኛ አይሮፕላን በዚያ ሰማይ ምልክቱን አጣ፤ ማረፍ ተስኖት ሳለ በሩስያ የአየር መከላከያ ሚሳይል ፍንጣሪ ተጎዳ፤ ባሕሩን ተሻግሮ በካዛክስታን በአክታው አጠገብ ወደቀ። ከ67ቱ ሰዎች 38ቱ ሞቱ። በሜይ 2025 ዓ.ም. ደግሞ በቀይ ባሕር በጅዳ አጠገብ አንድ ትልቅ የዕቃ መርከብ አሸዋ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ የመርከቦችን ጉዞ የሚከታተሉ ሰዎች ምክንያቱ የታወከ ምልክት ነው ብለዋል።

እንግዲህ ከሰማዩ ምልክት ውጭ መንገድ የሚያሳይ ሌላ ምን አለ? አንዱ በመሣሪያው ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው። ዐይኑን የተሸፈነ ሰው እርምጃውንና ዙሩን ቈጥሮ ያለበትን እንደሚገምት፤ ይህም ፍጥነትንና መዞርን እየለካ ሥፍራን ያሰላል። ማንም ሊያውከው አይችልም፤ ከውጭ የሚሰማው ነገር የለምና። ነገር ግን ትንንሹ ስሕተት እየተደመረ በአንድ ሰዓት በረራ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። ሁለተኛው ምድርን ማየት ነው፤ በካሜራ የታየውን መሬት በውስጡ ከተያዘው ካርታ ጋር ማስተያየት። የሚያስብ መኪና የሚባለው ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ለድሮን የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ጭጋግና ባሕር ግን ያስቸግሩታል። የምድርን የማግኔት ልዩነት የሚያነብም አለ።

ብዙ የሚወራለት ኳንተም የተባለው መለኪያ ነው። አቶሞችን በሌዘር ብርሃን እጅግ አቀዝቅዞ፤ ሲወድቁ ያላቸውን ጠባይ በመመልከት እንቅስቃሴን ይለካል። በ2024 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአይሮፕላን ላይ ተጭኖ ተፈትኖአል። መሠረቱ እውነት ነው፤ ትልልቅ መርከቦችም ቀድመው ይጠቀሙበት ይሆናል። ነገር ግን ሌዘርና ባዶ አየር የሚፈልግ መሣሪያ ነውና፤ በርካሽ ድሮን ላይ ይጫናል ብሎ ዛሬ የሚናገር ሰው ከተሠራው ይልቅ የተመኘውን ይናገራል።

የአሜሪካ የባሕር ኀይል ትምህርት ቤት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትቶት የነበረውን በከዋክብት መንገድ የማግኘት ትምህርት በ2015 ዓ.ም. መልሶ አስገብቶአል። ተማሪዎቹ ሴክስታንት በተባለው የድሮ መሣሪያ የከዋክብትን ከፍታ እየለኩ ያሰላሉ። ሥፍራውን የሚሰጣቸው እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሆነ ስሕተት ነው፤ ቢሆንም ከዋክብትን የሚያውክ ማሠራጫ የለም።

በዩክሬን ግንባር የተገኘው መልስ ግን ከዚህም ይልቅ ተራ ነው። ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ከነጂው ጋር በራዲዮ የሚነጋገረው ትንሽ ድሮን በማወኪያ ሲወድቅ ጊዜ፤ ሩስያውያን እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር በጥቅል አድርገው ከድሮኑ ጋር አሰሩ። ድሮኑ እየበረረ ክሩ ይተረተራል፤ ሥዕሉና ትእዛዙም በክሩ ውስጥ በብርሃን ይተላለፋል። ራዲዮ ስለሌለው የሚታወክ የለውም፤ ሳተላይትም አያስፈልገውም፤ ነጂው በዐይኑ እያየ ይመራዋልና። ጥቅሉ መጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትር፤ በኋላ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆነ፤ ዩክሬናውያንም ወዲያው ተከተሉ። በብዙ ገንዘብ ከተሠሩት ማወኪያዎች የሚያመልጠው መሣሪያ በክር የታሰረ መሆኑ ብዙ የጦር ሊቃውንትን አስገርሞአል። በ2025 ዓ.ም. በግንባሩ አካባቢ የተነሡት ፎቶግራፎች ማሳውና ዛፉ ሁሉ የሸረሪት ድር በመሰለ የመስተዋት ክር ተሸፍኖ ፀሐይ ሲወጣበት እንደሚያበራ ያሳያሉ። ክሩ አይበሰብስም። ማሳውን የሚያርሰው ገበሬ አንድ ቀን ሲመለስ ከፈንጂው ጋር ይህን ደግሞ መልቀም ይኖርበታል፤ ወፎች ከወዲሁ ጎጆአቸውን ሲሠሩበት ታይተዋል።